የግራዋ ፊደል በቀኝ ትከሻ

ፓይን ሆሎው፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1987

ውድ ልጄ ቨርና፣

አባትሽን የገደለው የግዛታችን ገዥ ዊልበር ሃስኬት ነው። ይህን ከሰላምታ ያስቀደምኩት ሌላው ሁሉ ከሱ በታች እንዲሆን ነው። ልጆቹ እንዴት ናቸው? እኔ አለሁ።

በስልክ "እንዴት ሆነ፣ ማማ?" ስትዪኝ እጽፍልሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። በጽሑፍ ይሻለኛል። በስድሳ አንድ ዓመቴ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ይሆናል።

አባትሽ ከድንጋይ ከሰል ጉድጓዱ ይዞት የወጣው ሳል ባሰበት፤ አንዱ ሳንባው ውኃ ቋጠረ። ዶክተር ፕሩት ክሊኒክ ወሰድኩት። ራጅ የምታነሳው ዶና ናት፤ ስልክም የምታነሳው እሷው ናት።

"ማን አስተማረሽ?" አልኳት።

"ማሽኑን የሸጠልን ሰውዬ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ!"

አባትሽ እየሳለ "እኔን ለአካፋ እንኳ ሦስት ቀን አሠልጥነውኛል" አላት። ሦስታችንም ሳቅን።

አንቺ ከወንዙ ማዶ ባለው ግዛት ሁለት ዓመት ተምረሽ፣ ተፈትነሽ፣ ፈቃድ አውጥተሽ ነው የራጅ ማሽን የነካሽው። እዚህም እንደዚያ እንዲሆን ሁለቱም የግዛታችን ምክር ቤቶች ሕጉን አጽድቀውት ነበር። ሃስኬት አልፈርምም ብሎ ውድቅ አደረገው። "የገጠር ክሊኒኮች ይዘጋሉ" አለ በሬዲዮ። የኛ አልተዘጋም። እንኳን ደስ አለው።

ፊልሙ ላይ ቀኝና ግራን የምትለየው የብረት ፊደል ተሳስታ ተቀምጣለች። ዶክተሩ ፊደሏን አምኖ ውኃውን ሊቀዳ መርፌውን በደህናው ጎን ሰካ፤ ደህናው ሳንባ ተበሳ። አባትሽ ከተማው ሆስፒታል ሳንደርስ፣ ድልድዩ ላይ፣ እጄን እንደያዘ አለፈ።

አሁን ዶና "በትክክል ነው ያስቀመጥኩት" ትላለች። ፊልሙም ጠፋ ተብሏል። የጤና ቢሮው መርማሪ ቤቴ መጥቶ "ወይዘሮ ኦፓል፣ ፊልሙ ሲነሳ ያዩት ነገር አለ?" አለኝ።

በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ ቨርና። ባለፈው የገና በዓል ከቦርሳሽ አውጥተሽ "ማማ፣ ይቺ የግራ ናት" ብለሽ ያሳየሽኝን ፊደል ዶና በአባትሽ ቀኝ ትከሻ በኩል ስትለጥፋት አየሁ። አፌን ከፈትኩ። እሷ ነጭ ጋውን ለብሳለች፤ እኔ ትናንት ማንበብ የጀመርኩ አሮጊት ነኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩና አፌን መልሼ ዘጋሁ።

መርማሪውን "እኔ ማንበብ አልችልም" አልኩት። ጻፈውና ሄደ።

ሰሞኑን ባቄላውን ብቻዬን እቀቅላለሁ፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ እያደረግኩ የተረፈውን እደፋለሁ። እግዚአብሔር እጅሽን ያጽናልሽ፤ ማሽንሽ ፊት የሚቆመውን ሁሉ በሰላም ወደ ቤቱ ይመልስልሽ።

መርማሪው ሐሙስ እንዲመለስ አስጠርቼዋለሁ። ከእንግዲህ ማንበብ አልችልም አልልም።

እናትሽ ኦፓል