ቅንጭብ የቀባሁበት ቅጠል

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ወገብሽ ተሻለው ወይ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሿ ጥርስ አወጣች? ከተለየሽን አራት ዓመት ሞላ፤ ናፍቆትሽ ግን ትናንት የሄድሽ ያህል ነው። እኔ ላየኝ ሰው ደህና ነኝ። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ ጊዜ አጥቼ ሳይሆን ፊት አጥቼ ነው።

እታለሜ፣ አባባ አሁን ሁለቱም ዓይናቸው አያይም። በስልክ «አቧራ ገባባቸው» ያልኩሽ ውሸት ነበር። ከሥሩ ልንገርሽ።

እንደምታውቂው አባባ የችግኝ ጣቢያው ዘበኛ ቢሆኑም ዛፍ በማወቅ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ግራ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ እንኳ ቅጠል አሽተው፣ ቅርፊት በጥፍራቸው ጭረው ስሙን ይናገሩ ነበር። ባለፈው ክረምት አዲስ ባለሙያ መጣ፤ እኛ «ሸንቃጣው» እንለዋለን። እንግዶች ፊት አንድ መደብ ችግኝ እያሳየ «ይህ ዋንዛ ነው» ሲል አባባ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ብሳና ነው። ቅጠሉን ገልብጠህ እየው፤ ጀርባው ነጣ ይላል» አሉት። እንግዶቹ ሳቁ። ሸንቃጣውም ሳቀ፤ ጥርሱ እንጂ ልቡ አልሳቀም።

በሳምንቱ እዚያው ችግኝ ስኮተኩት ቢሮው ጠራኝና፣ «እስከ መቼ የሽማግሌው ልጅ እየተባልክ ትኖራለህ? የማዳቀያ ክፍሉ አለቃ ላደርግህ አስቤያለሁ» አለኝ። አልዋሽሽም፣ ልቤን ነካኝ። አባባ ሰው ፊት ሲያርሙኝ ስንቴ አንገቴን እንደደፋሁ ታውቂያለሽ። ከዚያ የፈለገውን ነገረኝ። አባባ ዓይናቸው ታስሮ ዛፍ እንዲለዩ ጨዋታ ያዘጋጃል፤ እኔ ሽታው እንዲምታታባቸው ዋንዛው ላይ የቅንጭብ ወተት እቀባለሁ። የቅንጭብ ወተት ዓይን እንደሚያጠፋ ገና ልጆች ሳለን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። አውቅ ነበር። «ቢበዛ እጃቸውን ቢለበልባቸው ነው» ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሠራተኛው ተሰበሰበ። አባባ ዓይናቸው በጨርቅ ታስሮ ማንጎውን፣ ወይራውን፣ ግራሩን አንድ በአንድ ጠሩ፤ ሰው አጨበጨበ። የኔን ቅጠል ያዙ። አሻሹት፣ አሸተቱት። «ይህ ዋንዛ ነው። ዋንዛ ግን ወተት የለውም። ማነው የቀባው?» አሉ። ሸንቃጣው «ጠፋባቸው!» ብሎ ጮኸና ጨርቁን ከፊታቸው መነጨቀው። ድንገት ፀሐይ ሲወጋቸው ሳያስቡት በዚያው እጃቸው ደህናውን ዓይናቸውን አሹት። ወዲያው ተንበረከኩ። ሰዉ በመሸነፋቸው ያለቀሱ መስሎት ሳቀ። እኔም ሳቅሁ እታለሜ። ሸንቃጣው እያየኝ ነበር። ቧንቧው ከቆምኩበት ስድስት እርምጃ አይሞላም። ውኃ ይዛ ሮጣ ያጠበቻቸው የችግኝ ላስቲክ ውስጥ አፈር የምትሞላው ሴትዮ ናት፤ ያውም ዘግይታ፣ ነገሩ የገባት ጩኸታቸውን ስትሰማ ነው። ሐኪሙ «ወዲያው ቢታጠብ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ተወው።

ከሆስፒታል በወጡ በሳምንቱ ፀጉራቸውን ሳበጥርላቸው፣ «ያን ቀን ሳቅህን በቅርብ ሰምቼዋለሁ። ምነው ፊቴን እንኳ አልጠረግህልኝ?» አሉኝ።

«እጄ ወተት ነበረበት» አልኩ።

ምን እንዳልኩ የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ማበጠሪያውን ከእጄ ወስደው የቀረውን ራሳቸው አበጠሩ።

አለቃነቱን አገኘሁ። አባባ ግን በደጃችን ተቀምጠው ይውላሉ። ሰው አሁንም ቅጠል ይዞ ይመጣል፤ በጣታቸው ዳሰው ይነግሩታል። ትናንት እኔም የማንጎ ቅጠል አስያዝኳቸው፤ ሕፃን የማይስተውን። ጫፉን እንኳ ሳይነኩ «አላውቅም» ብለው መልሰው መዳፌ ላይ አኖሩት።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ያን ለመጠየቅ ገና ነኝ። ብቻ ነይ። ሰላምታቸውን ለኔ አልነገሩኝም፤ ባጠበቻቸው ሴትዮ በኩል ነው የላኩት። «ልጄ መጥታ ትውሰደኝ፤ እዚህ የሚጠብቀኝ የለም» ብለዋል።

ባለቤትሽን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ትልቁን ልጅሽን ግንባሩን፣ መካከለኛዋን ሁለቱን ጉንጮቿን፣ ትንሿን እግሯን ሳሚልኝ። አጎታቸው ምን እንዳደረገ ሲያድጉ አንቺው ንገሪያቸው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከአባባ ቤት፣ ግንቦት ፲፪ ቀን