በፕራግ የማያልፍ መንገድ

ኤፕሪል 14፣ እሑድ

ዝናብ። የምሳ ሳህን ሳይነሳ ሚስቴ ቭላስታ የአውሮፓን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አንዱ ጥግ ሾርባ ነካ። ይሁን።

ለልጆቹ ቃል የገባሁት ማቶሽ ስምንት ዓመቱ ሳለ ነው... "ሁለታችሁም ሻንጣችሁን መሸከም ስትችሉ አውሮፓን በባቡር አዞራችኋለሁ" ብዬ። አሁን እሱ አሥራ አራት፣ ቤታ አሥራ ሰባት። ሻንጣ ቀርቶ እኔንም ይሸከማሉ።

"የዘንድሮ በጋ ካለፈ እኔን እርሱኝ" አለች ቤታ። "ከርሞ ከጓደኞቼ ጋ ነው የምሄደው።"

በርሊን፣ ሃምቡርግ፣ ኮፐንሃገን ይላሉ። መንገዱን እኔ እንዳወጣ ተስማማን። ባቡር ነጂ ቤት ውስጥ እያለ ማን ያወጣል?

ባቡር ነጂ... ካልነዳሁ ሁለት ወር አለፈኝ። እዚሁ ኮሊን ጣቢያ ጓሮ ፉርጎ ማዘዋወር የገባሁት ሰዓቱ ስለተመቸኝ ይመስላቸዋል፣ ልጆቹ። ቭላስታ አደጋ እንደነበረ ታውቃለች። አንድ ሰው ሐዲድ ላይ ገባ፣ ሞተ፣ አልኳት። ሌላ አልጠየቀችም። እኔም አልጨመርኩም።

ኤፕሪል 28፣ እሑድ

አምስት መንገድ አወጣሁ። ሁሉም በብርኖ በኩል ቪየና፣ ከዚያ ወደ ላይ ኑረንበርግ፣ ከዚያ በርሊን።

ቤታ ጣቷን ካርታው ላይ ተከለች። "አባዬ፣ በርሊን ሰሜን ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምንድን ነው በደቡብ የምንሄደው? በፕራግ እኮ ግማሽ ቀን አይሞላም።"

"ቪየና ኬክ አለ።"

"ኬክ ኮሊንም አለ" አለ ማቶሽ።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጥርሴ ብቻ።

ሜይ 11፣ ቅዳሜ

ቤታ ዛሬም አልለቀቀችኝም። "አምስቱም መንገድህ የሚነሳው ከአራተኛው መሳፈሪያ ነው። የፕራግ ባቡር ከአንደኛው። አንደኛው ምን አደረገህ?"

ጮህኩባት። "ካልተመቸሽ አትሂጂ!" ከአፌ ወጣ።

ካርታውን በእጥፋቱ አጣጠፈችው። "እሺ። አልሄድም።" በሩን አላላተመችም። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ቭላስታ ስትተኛ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ሜይ 12፣ እሑድ

ልሞክር አልኩ። ስድስተኛ መንገድ ጻፍኩ፣ በፕራግ በኩል። ወረቀት ላይ እንኳ ሁለቴ ሰርዤ ነው የጻፍኩት። ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌ ሥራ ገባሁ። ቤታ ታየዋለች።

ሜይ 13፣ ሰኞ

እንዴት ያለሁ ጅል ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ኮሊን፣ ፕራግ ብሎ ይጽፋል። ሃያ ሁለት ዓመት የነዳ ሰው ግን መንገድ የሚያስበው በኪሎ ሜትር ነው። ኮሊን፣ 361፣ ፕራግ... ብዬ ጽፌዋለሁ፣ አደጋው የደረሰበትን ኪሎ ሜትር። ሳላውቀው። በገዛ እጄ።

ማቶሽ 361 የምን ጣቢያ ነው ብሎ ስልኩ ላይ ፈለገ። የፌብሩዋሪ 6 ዜና ወጣለት። ሦስት መስመር።

ከሥራ ስመለስ ሁለቱም ወጥ ቤት ቆመው ጠበቁኝ።

"የምትነዳው አንተ ነበርክ?" ቤታ ናት።

"እኔ ነበርኩ።"

"የሞተው ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው ይላል።"

ዕድሜውን አላውቅም ነበር። ጋዜጣ እንዳላይ፣ ሬዲዮ እንዳልሰማ ሦስት ወር ሙሉ ስሸሽ... ከልጄ አፍ ሰማሁት። ያውም በእሷ ዕድሜ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ማቶሽ ውሃ ቀዳልኝ።

"ፍሬን አልያዝክም?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ይዣለሁ። ባቡር እንደያዙት አይቆምም።"

የሟቹን የመነጽር ነገር አልነገርኳቸውም። እሱን ለማንም አልነገርኩም።

ጁን 2፣ እሑድ

ቤታ በማስመሪያ ያሰመረችው ወረቀት አመጣች። በግራ "እኛ"፣ በቀኝ "አባዬ"። እነሱ በፕራግ፣ እኔ በብርኖና በቪየና። ማታ በርሊን ጣቢያ እንገናኛለን። የምቀይራቸውን ባቡሮች በሙሉ፣ ደቂቃው ሳይቀር ጽፋለች። የት ቡና እንደምጠጣም ጭምር።

"ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ባቡር?" አለች ቭላስታ።

"እማዬ፣ ወይ ሁለት ባቡር ነው፣ ወይ ሦስት ሰው።"

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ቧንቧውን ከፍቼ።

ጁን 29፣ ቅዳሜ

ቭላስታ ሥጋ በዳቦ ፍርፋሪ ለውሳ ጠበሰች። ያለ እሱ ከቤታችን ጉዞ የለም። የእኔን ለብቻ ጠቀለለችልኝ። እነሱ አንደኛው መሳፈሪያ፣ እኔ አራተኛው። ማቶሽ ከማዶ ኮፍያውን አወዛወዘልኝ።

የእኔ ባቡር ተነሳ። መጀመሪያ ደህና ነበርኩ። እንዲያውም ርቦኝ ነበር... አንድ ማቋረጫ ጋ ብስክሌት የያዘ ሰውዬ እስክናልፍ ቆሟል። መነጽሩን አወለቀ። ሊጠርገው ነው። ሊጠርገው እንደሆነ አውቃለሁ።

በሚቀጥለው ጣቢያ ወረድኩ። በአውቶቡስ ተመለስኩ።

ለቭላስታ ደወልኩ። "አልቻልኩም።"

በስልኩ የሐዲዱ ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ "ምግብህን ብላ" አለችኝ።

ቤት ስደርስ ነው የማቶሽን መልእክት ያየሁት። ከጠዋት ጀምሮ ስልኬ ውስጥ ነበር። "አባዬ፣ አለፍነው። በመስኮት አየሁት። ሳር ብቻ ነው።"

እኔም እስከዚያ ቀን የማየው ሳር ብቻ ነበር።

ጁላይ 2፣ ማክሰኞ

ከሃምቡርግ ፎቶ ላኩ። ሦስት ሰው፣ አራት ወንበር። አራተኛው ላይ የቤታ ቦርሳ።

የነጂዎች ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እስካሁን ሦስቴ አይታኛለች። እንቅልፍ ይወስድዎታል? ይወስደኛል። ይበላሉ? እበላለሁ። ዛሬ ሳትጠይቀኝ ጀመርኩ። ጡሩምባ ስነፋ ልጁ ዞሮ አየኝ፣ አልኳት። መነጽሩን አወለቀ። አጠፈው። ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ በጥንቃቄ፣ በኋላ እንደሚፈልገው ሰው።

ብዕሯን አስቀመጠች። "ይህን ለማን ነግረዋል?"

"ለእርስዎ።"

ከእንግዲህ አልነዳም አልኳት። የባቡሩን ቁልፍ ጠረጴዛዋ ላይ ትቼ ወጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ኪሴ ውስጥ የኖረ ቁልፍ። በእግሬ ነው ወደ ቤት የመጣሁት።

ሲመለሱ የመነጽሩን ነገር እነግራቸዋለሁ። ጉዞው ግን አለፈኝ። ቤታ ከርሞ የምትሄደው ከጓደኞቿ ጋ ነው።