ሽሮ የምታሳርረዋ እናት

እማዬ፣ የኔ ቆንጆ፣

ከተለየሽን እነሆ ሙት ዓመትሽ እየደረሰ ነው። ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ መልስ አትሰጪኝም፣ እኔም ኩርፊያ አይሆንልኝም።

እኛ እዚያው ገላን ኮንዶሚኒየም ነን። እህቴ ሂሩት ቂሊንጦ ፋብሪካ ገብታለች፤ ሰርቪሱ እንዳያመልጣት ጠዋት ጠዋት ጫማዋን በእጇ ይዛ ደረጃውን ትወርዳለች። አባዬ ዝም እንዳለ ነው። ከአስረኛ ክፍል የቀረው ልጅሽ ደግሞ ሦስት ጽሑፍ ባንዴ ይዣለሁ፦ የምታውቂውን ልቦለድ፣ ቴሌግራም ላይ በየሳምንቱ የምለቀውን ታሪክ፣ ለወጣት ማዕከሉ ደግሞ ቲያትር። አንዱ ሲያቅተኝ ወደ ሌላው እሸሻለሁ። በዚህ መሃል ሰዎቼ ይምታቱብኛል። አንዱን ደላላ ቴሌግራም ላይ ገደልኩት፤ በሳምንቱ ሰርግ ላይ ሲጨፍር ተገኘ። «ታዛቢ» የሚባል አንባቢ «ይሄ ሰውዬ ተቀብሮ የለም እንዴ?» ብሎ ጻፈብኝ።

ሌላ ጊዜ ጀግናዋን ረቡዕ ቀን ክትፎ አበላኋት። ታዛቢ ወዲያው «ጾሙን የት ጣልከው?» አለኝ። ደነገጥኩ። ምስር እየለቀምሽ ሳነብልሽ እንደዚህ የምትይኝ አንቺ ነበርሽ። ኔትወርኩ ለእኛ ሰፈር እምቢ ብሎ አንቺ ያለሽበት ሰማይ ቤት ገባ እንዴ ብዬ ጠረጠርኩሽ። አትቆጪ።

ከዚያ ሂሩትን ጠረጠርኩ። ስልኳን ስበረብር ይዛኝ በጥፊ አጮለችኝ። ቀጥሎ ባለሱቁን ከድርን ጠረጠርኩ፤ አንድም ክፍል አያመልጠውማ። «አንተ ቀውስ! እኔ ሙስሊሙ ረቡዕ ክትፎ ተበላ አልተበላ ምን አገባኝ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ስለዚህ ወጥመድ አጠመድኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የምሸሸው ከልቦለዱ ነው። የእናትየው ምዕራፍ ላይ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አንድ መስመር አልጨመርኩም። ብዕሩን ሳነሳ ፊትሽ ይመጣል፣ እተወዋለሁ። እና ቴሌግራም ላይ አንቺን የምትመስል፣ እንዳንቺ ፍንጭት የሆነች፣ ግን ሽሮ የምታሳርር እናት ጻፍኩ። የታዛቢ መልስ ከተፍ አለ፦ «ውሸት! እሷ ሽሮ አሳርራ አታውቅም!»

«አንተ በምን አወቅክ?» ብዬ ላክሁ። መኝታ ቤት ውስጥ ስልክ ጢጥ አለ።

ስገባ አባዬ! መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ነው፣ ስልኩን ትራስ ሥር እየሸጎጠ። ሰዓት ሳይ ነው አለኝ፤ የእጅ ሰዓቱን አስሮ! ጽሑፌን ወሬ ሲለው የኖረ ሰውዬ! ከዚያ ወደ ግድግዳው እያየ፣ ያነበብኩልሽን ሁሉ አንቺ ለእሱ ትተርኪለት እንደነበር ነገረኝ። «ከሄደች ወዲህ ማን ይንገረኝ?» አለ። ለካ እኔ አድማጭ አጣሁ ስል እሱም ተራኪ አጥቶ ኖሯል።

አሁን ከቅዳሴ መልስ ለእሱ አነብለታለሁ፤ ምዕራፉም ተንቀሳቅሷል። ያቋርጠኝና ይጨምርበታል። ልጆች ሳላችሁ የአቃቂን ወንዝ ስትሻገሩ እሱ ፈርቶ ቆሞ አንቺ ጎትተሽ እንዳሻገርሽው ነገረኝ። ሌላ ቀን ሲደግመው ወንዙ ሞልቶ ነበር አለ። ሦስተኛው ላይ አዞ እንዳያስገባበት እሰጋለሁ። ሰውየው እያጋነነ ነው፣ አላመንኩትም። ግን ሲያወራ ድምፁ ተመልሷል፤ ስለዚህ ሁሉንም እጽፋለሁ።

ሌሎቹን ሰዎቼን ባምታታም፣ እማ፣ አንቺን ግን ከማንም ጋር አላምታታሽም።

አመለኛው ልጅሽ