ከአጥር ወዲያ ያሉት ዶሮዎች

የማህፀኔ ፍሬ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልም፤ የሰው ፊት ይብራልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ዘንድሮ ተሽሎታል።

ፎቷቸውን የላክሁልሽ ዶሮዎች ግን አልቀዋል። ፈንግል ገባባቸው፤ አንገታቸው እየተጣመመ በሦስት ቀን ውስጥ አውራውም ጫጩቶቹም ሄዱ። የእንስሳት ሐኪሙ «ዛሬውኑ ለጎረቤት ይንገሩ፤ የራሳቸውን ይዝጉ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ፊት «የእኔ ዶሮዎች በሽታ አያውቃቸውም» እያልኩ ስኮራ ከርሜ፣ አሁን ምን ብዬ ልንገራት? ከጓሮ ቀብሬ ዝም አልኩ። በሳምንቱ የእሷም አለቁ።

አንዲት ቄብ ብቻ ተረፈቻት። ትናንት እሷኑ ታቅፋ መጣች።

«እትዬ፣ ግቢዎ ጭር ማለቱን አየሁ። የእኔዎቹ ናቸው ያስያዙብዎት። ቶሎ ሳልነግርዎ ቀረሁ፤ ይቅር ይበሉኝና ይቺን ይያዙልኝ» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ልጄ፣ ቄቧን ተቀበልኳት። ይቅርም አልኳት።

እንግዲህ መንገር አለብኝ፤ እግሬ ግን ከደጇ እየደረሰ ይመለሳል። እባክሽ፣ በደወልሽ ቁጥር ከሰላምታው በፊት «እማዬ፣ ነገርሻት?» በይኝ። ላንቺ መዋሸት አልችልበትም።

እግርሽን እንቅፋት አይንካው።

እናትሽ