«ያላነበበ አያልፍም» ይሉ የነበሩት የመምህርት አልጣሽ ሕሩይ የሕይወት ታሪክ

መምህርት አልጣሽ ሕሩይ ከአባታቸው ከመሪጌታ ሕሩይ ተገኘ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርፈሽዋል አይቸው በ1959 ዓ.ም. ዳባት አጠገብ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ከአባታቸው ደቀ መዛሙርት መካከል ተቀምጠው ነው። መሪጌታን ሴት ልጅ ማንበቧ አያስገርማቸውም ነበር፤ የሚያስቆጣቸው እየዘለሉ ማንበብ ነበር። አቡጊዳን ያልጨረሰ፣ የአገረ ገዥ ልጅም ቢሆን፣ ወደ መልእክተ ዮሐንስ አይሻገርም።

ዘመናዊ ትምህርታቸውን በዳባትና በደባርቅ ተከታትለው፣ ጎንደር በመምህርነት ሠልጥነው በ1979 ዓ.ም. ዛሪማ ተመደቡ። እዚያም የጭነት መኪና አሽከርካሪ ከነበሩት ከአቶ ኪዳነ ማርያም ጋር ተዋውቀው በ1982 ዓ.ም. ጋብቻ መሠረቱ፤ ማርያማዊትንና አንዳርጋቸውን አፈሩ።

በ1990 ዓ.ም. ደባርቅ፣ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሦስተኛ ክፍል ማስተማር ጀመሩ። ጎረቤት «አልጣሽ ካቶሊክ ሆነች» አለ። ሲስተሮቹ ደግሞ «ክፍሉን የቄስ ትምህርት ቤት አደረገችው» አሉ። ሁለቱንም ሰምተው ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ተማሪዎቻቸው ሴት መሆናቸውን እያዩ «የኔታ» ይሏቸው ነበር።

በመስከረም እያንዳንዱ ልጅ ተነሥቶ ግቡን ይናገራል። «ፓይለት» ሲላቸው «እሰይ! እሱ ይቆየንና፣ እስከ ገና ምን ልትችል ነው?» ይሉታል። «አንድ ገጽ ሳልዘል ማንበብ» ካለ፣ ክፍሉ ሰምቶታልና ገና ሲደርስ ፊታቸው ቆሞ ያነባል። ካልቻለ እስከ ጥምቀት ይሞክራል፤ ካልቻለም እስከ ፋሲካ። አይሰደብም፤ ግን አያልፍም።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ተዘግቶ የቆየው ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ብዙዎቹ ልጆች የቆጠሩትን ፊደል ረስተው መጡ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ፍቅረ ሥላሴ በር ላይ «ግባችን መቶ በመቶ ማሳለፍ» ብለው አጻፉ። የትኛው ተማሪ ይህን ግብ እንዳወጣ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

«የኔታ፣ ዘንድሮስ ልጆቹ ይለፉልኝ፤ ወላጅ ይሸሸናል» አሏቸው።

«ፍቅሬ፣ ልጅን ሳያነብ ማሳለፍ እኮ በነሐሴ የዛሪማ ወንዝ ግባ ብሎ መገፍተር ነው። አንተንስ ሦስተኛ ክፍልን አስደግሜህ የለ? ምን ጎደለብህ?»

«እሱ አሁን ይነሣል?»

በሳምንቱ ከክፍላቸው ተነሥተው ካርቶናቸው ያልተከፈተ መጻሕፍት ወዳሉበት ክፍል ተዛወሩ። ቁልፍ ተሰጣቸው፤ ተማሪ አልተሰጣቸውም። ያላሳለፏቸው ልጆች ሁሉ አለፉ። ትምህርት ቤቱም ለዚህ ውጤት ተጨበጨበለት።

እነዚያ ልጆች ዛሬ ስድስተኛ ክፍል ናቸው። ክልላዊ ፈተና ደጃቸው ደርሷል፤ ከመካከላቸው ይህ ወረቀት ተሰጥቷቸው ርዕሱን ማንበብ የማይችሉ አሉ። እዚሁ ከእኛ ጋር ቆመው ያለቅሳሉ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ጥፋተኛውን ለማግኘትም ሩቅ መሄድ አያሻም።

መምህርት አልጣሽ ማስተማሩን «በራሳቸው ፈቃድ» እንደተዉ እንድናነብ በትምህርት ቤቱ ተጠይቀን ነበር። አናነበውም። በሬሳ ሣጥን ላይ ቆሞ መዋሸት በእኛ አገር ነውር ነው። ሰው ፈቃዱን የሚያውቀው ሲጠየቅ ነው፤ እሳቸውን የጠየቃቸው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ በቤታቸው ያስነብቡ ነበር። የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው ጎንደር ሲታከሙ እንኳ ሐኪሙን የጠየቁት «ለፈተናቸው እደርሳለሁ?» ብለው ነው። አልደረሱም። የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ዐረፉ።

ትምህርት ቤቱ ያመጣው የአበባ ጉንጉን «ለማይረሱት መምህርታችን» ይላል። ሦስት ዓመት ረስተዋቸው ነበር። ያንን የመጻሕፍት ክፍልም በስማቸው ለመሰየም አስቧል፤ ቤተሰቡ አይፈቅድም። መጀመሪያ ልጆቹ፣ ሰው ሳያነብላቸው፣ ራሳቸው ያንብቡ። ያን ቀን የመምህርታቸውን ስም በሩ ላይ ራሳቸው ይጽፉታል።

መምህርት አልጣሽ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውንና ንባብ ያልጨረሱ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ከመሪጌታ ሕሩይ አጠገብ ያሳርፍልን። ለእኛ ለቀረነው ግን፣ ልጆቹ እስኪያነቡ ድረስ፣ መጽናናቱን ቶሎ አይስጠን።