ከአባትሽ ወገብ ሥር ያደረግሁት ትራስ

ልጄ ሬሊን፣ ጌታ በሰው አገር ክፉ አያሳይሽ፤ ከሴኡል ብርድም ይሰውርሽ። እዚህ ኬንታኪ ቲማቲሜን ውርጭ መታው፤ የጎረቤታችን የኦፓል ጉልበት ግን ተሽሏታል። አደራ፣ ሹራብ ሳትደርቢ እንዳትወጪ።

አባትሽን በገደለው፣ ቆዳ ላይ በሚለጠፈው የሕመም ማስታገሻ ምክንያት በመሠረትነው ክስ ማክሰኞ ዕለት ቃሌን ሰጠሁ። የመድኃኒቱ ኩባንያ ጠበቃ በለስላሳ አንደበት፣ "ወይዘሮ ኮምብስ፣ መድኃኒቱ በተለጠፈበት ቦታ የሚሞቅ ነገር ተደርጎ ነበር?" አለኝ።

በሞተበት ቀን አባትሽ፣ "ቨርና፣ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ሥራ ያደቀቀው ወገቤ በረዶ ሆነብኝ፤ እስቲ ያን የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ትራስ አምጪልኝ" ብሎኝ ነበር። እኔው ሰክቼ፣ እኔው መድኃኒቱ ከተለጠፈበት ከወገቡ ሥር አድርጌለት ገበያ ወጣሁ። ሙቀት መድኃኒቱን ባንዴ ወደ ደም እንደሚያስገባው የነገረን ሰው አልነበረም። ስመለስ ብጠራው፣ ብጠራው አልነቃም።

"አዎ፣ ያደረግሁት እኔ ነኝ" አልኩት።

ስንወጣ ጠበቃችን ኮሪን ተበሳጨች። "ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ? አሁን ጥፋቱን በእርስዎ ላይ ሊደፉት ነው!"

"ለልጄም አልነገርኳት" አልኳት።

ኮሪን ቆይታ በረድ ስትል፣ "የሙቀቱን ማስጠንቀቂያ ከመድኃኒቱ ወረቀት ያጎደሉት እነሱ ናቸው፤ ክሱን አንተውም" አለችኝ። ይሁን። እኔ ግን ያንቺን ፍርድ እንጂ የዳኛውን አልፈራም። ሁለት ዓመት ሙሉ "በእንቅልፉ ሄደ" እያልኩ የትራሱን ነገር ደበቅሁሽ፤ ይቅር በይኝ።

እግዚአብሔር እጅሽ የነካውን ሁሉ ይባርክልሽ። ብትቆጪም ተቆጪኝ፤ ብቻ እሑድ ደውዪልኝ።

እናትሽ ቨርና