ለእማዬ የቀረው ካቪያር

ጥር 14 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ጂንካ

ወንድሜ ታደሰ ዛሬ ትምህርቱን ጨርሶ ከሶቭየት ገባ። እማዬ ባለፈው ሰኔ ማረፏን አያውቅም። አባባ «መርዶ በደብዳቤ አይነገርም» ብሎ ከልክሎን ነበር። ነገ ማለዳ ሽማግሌዎች መጥተው ያረዱታል። እስከዚያ በልቶ ይረፍ ብለን ከላችንን አውልቀን ተቀበልነው።

ገና ከአውሮፕላኑ እንደወረደ በዓይኑ ፈለጋት።

«እማዬስ?» አለኝ።

«ዘመድ ልትጠይቅ አልዱባ ሄዳ ነው፤ ነገ ትመጣለች» አልኩት። አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ እንጃ።

ምሳ ላይ ከሻንጣው ትንሽ ክብ ቆርቆሮ አወጣ። ካቪያር ይሉታል፤ እዚያ አገር ለትልቅ ድግስ የሚቀርብ ጥቁር የዓሣ እንቁላል ነው። ለእማዬ ብሎ ነው ያመጣው።

አክስቴ «ኦሞ ዳር ዓሣ ሲያጸዱ ይሄን እኮ ነው የሚጥሉት!» ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ዳቦ ላይ ቅቤ ቀባ፣ ከላዩ በማንኪያ ጫፍ ጨመረበትና መጀመሪያ አባባን አጎረሰው።

አባባ ቀስ ብሎ አኘከ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ጨው በዛበት አይደል?» አለው ታደሰ።

«አዎ ልጄ፣ ጨው በዝቶበታል።»

ለሁላችንም አዳረሰን። እኔም ጎረስኩ፤ ምን ምን እንደሚል ግን አላውቅም። ግማሹን አስቀርቶ ክዳኑን ገጠመና ሰጠኝ።

«ሙቀት ያበላሸዋል፤ እንስራው አጠገብ አስቀምጪልኝ። ነገ በእጄ አጎርሳታለሁ።»

«እሺ» አልኩት። ቆርቆሮውን ይዤ ጓዳ ገባሁ።

አሁን ሳሎን ከአባባ ጋር ይጫወታል። ሳቁ እዚህ ጓዳ ድረስ ይሰማል...